ድርጅቱ ኮምፒውተር ልስጣችሁ ይላል፣ እኛ ያጣነው ውሃ ነው። ምን ይባላል?

የሳቢያኗ

ሰላም ድሬዎች፣ የሐረር ሰዎችም ካላችሁ ሰላም። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ልጄ በምትማርበት የመንግስት ትምህርት ቤት የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) አባል ነኝ (ማንም እሺ ስላላለ ነው የገባሁት እንጂ ወድጄ አይደለም)። ከሁለት ሳምንት በፊት ዳይሬክተሩ በአስቸኳይ ኑ አለን፣ ሄድን፣ ለካ አንድ ትልቅ ድርጅት የተመሰረተበትን አመት ሊያከብር ነው እና "ማህበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣ" ብለው የኛን ትምህርት ቤት መርጠዋል። 20 ኮምፒውተር፣ ሎጎ ያለበት 500 ቦርሳ፣ ከዛ ደሞ የግቢው በር በድርጅቱ ከለር ይቀባል። ርክክቡ ላይ ሚዲያ ይመጣል፣ ልጆቹ ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው ይዘምራሉ። ዳይሬክተሩ በደስታ ሊበር ነው።

እኔ ግን ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ ሴቶቹ ሽንት ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው ታውቁታላችሁ፣ እኛ ጋ ደሞ ሲመጣም ሌሊት ነው፣ ሌሊት ትምህርት ቤት ማን አለና ይቀዳል። ልጆቹ ከቤት በሃይላንድ ይዘው ይሄዳሉ፣ በዚህ ሙቀት ይጠጡት ወይስ ሽንት ቤት ይዘውት ይግቡ? የኔዋ 7ኛ ክፍል ናት፣ የወር አበባዋ የመጣ ቀን 4 ሰአት ሳይሞላ ቤት ናት። ተመለሺ አልላትም፣ ምን ብዬ።

ሮቶ ግን አለ እኮ ግቢው ውስጥ። ከአራት አመት በፊት ሌላ ድርጅት ነው የሰጠው። ፓምፑ አንድ አመት ከምናምን ሰራና ቆመ፣ ቧንቧው ደሞ የድሬ ውሃ ነው እንግዲህ፣ ውስጡ በኖራ ተደፍኖ እርሳስ አያስገባም። አሁን ሮቶው ላይ የሰጪው ሎጎ በጸሀይ ነጥቶ ግማሹ ብቻ ይታያል፣ ከስሩ ልጆች በምስማር ስማቸውን ፍቀውበታል፣ አንዱ በትልቁ "ውሃ የለኝም" ብሎ ጽፎበታል፣ ሮቶው የሚናገር አስመስሎ። ከሱ ፊት ለፊት ደሞ ድሮ የተሰጠ የኮምፒውተር ክፍል አለ፣ ተቆልፏል። ቁልፉ ተዛውሮ የሄደ መምህር ጋ ነው አሉን። ላም አለኝ በሰማይ።

ጥያቄዬ፦ ለሰጪ "ይሄን ሳይሆን ያንን ስጡን" ይባላል? ነውር ነው? ዳይሬክተሩ "እንዳታበላሹብኝ" ብሎናል። ከነዚህ ድርጅቶች ጋር የሰራችሁ ወይ የተቀበላችሁ ንገሩኝ እስቲ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ አለን።

ባጃጅ_ድሬ

አቦ ምን ትመርጫለሽ፣ ተቀበሉ በቃ! ኮምፒውተሩንም ቦርሳውንም በሩንም። ውሃውን ሌላ ይሰጣችኋል። እምቢ ካላችሁ ለጎረቤት ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው፣ ከዛ በበሩ ባለፍሽ ቁጥር ስትናደጂ ትኖሪያለሽ።

ኮሙኒኬሽን_የነበርኩ

እህቴ እኔ አንድ ድርጅት ኮሙኒኬሽን ክፍል 6 አመት ሰርቻለሁ፣ ስሙን ተይው። ውስጡን ልንገርሽ።

እኛ ጋ የድጋፍ በጀት የሚባለው ለብቻው የተቀመጠ ነገር አልነበረም፣ ማርኬቲንግ ስር ስፖንሰርሺፕ በሚል አንድ መስመር ነው። በጀት አመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሚያዝያ ላይ ብሩ ካልተነካ አለቃው "የት ጋ ነው የምናወጣው" ማለት ይጀምራል። ትምህርት ቤት ምን ጎድሎት ነው የሚል ጥያቄ ከሁሉም በኋላ ነው የሚመጣው፣ ካልመጣም አይመጣም። ኮምፒውተር ለምን ይመረጣል ካልሽ ሶስት ፕሮፎርማ ሰብስበሽ በአንድ ቀን ይገዛል፣ ተደርድሮ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ቆጥረሽ "20" ብለሽ ሪፖርት ላይ ታስገቢያለሽ። የፓምፕ ጥገና ግን ምን ብለሽ ታነሺዋለሽ? አንድ ጊዜ ወላሂ የባነሩን፣ የድንኳኑን፣ የለስላሳውን፣ የጋዜጠኞቹን አበልና መኪና ስደምር ከሰጠነው እቃ ብዙም አላነሰም። ለአለቃዬ አሳየሁት፣ "እሱ ሌላ ኮድ ነው" አለኝ፣ ሌላ ኮድ!

ስለዚህ ነውር አይደለም፣ ጠይቁ። ግን አጠያየቅ አለው። "ኮምፒውተር አንፈልግም" ካላችሁ ሰውየው ደንግጦ ይሄዳል፣ ምክንያቱም እሱም ለበላዩ መልስ ሰጪ ነው። ሌላ ፎቶ ስጡት። ሴት ልጆች ቧንቧ ከፍተው እጃቸውን ሲታጠቡ ከኮምፒውተር ይበልጥ ያምራል። አንድ ገጽ ፕሮፖዛል ጻፉ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ስንት ሴት ተማሪ እንዳለ፣ በወር ስንት ቀን እንደሚቀሩ ከሮል ኮል አውጥታችሁ አስገቡበት። ያ ቁጥር የናንተ ስለሆነ ማንም አይከራከራችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከግብርም አንጻር እዩት። የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ሕጉ ለሚፈቅዳቸው የልገሳ አይነቶች ከሚታክሰው ገቢ እስከ 10 በመቶ ተቀናሽ ይፈቅዳል። የድርጅት ግብር 30 በመቶ ከሆነ 100 ሺ ብር የሰጠና ተቀናሽ የተያዘለት ድርጅት 30 ሺውን ያው ለመንግስት ሊከፍለው የነበረ ነው። ስለዚህ የሚሰጣችሁ ከኪሱ ብቻ አይደለም፣ ከፊሉ የህዝብ ብር ነው፣ አንገት አትድፉ። ፋይናንሳቸው ደሞ በማን በኩል እንደሚሰጥና ምን ደረሰኝ እንደሚያገኝ ይጨነቃል፣ ትምህርት ቢሮ ጋ ወረቀቱን ቀድማችሁ ከጨረሳችሁላቸው ግማሹን ስራ ሰራችሁላቸው ማለት ነው።

አቧራ_የጠገብኩ

እኔ እነዚህ ሰዎች ምንም ባይሰጡን ነው የምመርጠው። የምኖረው ፋብሪካ አጠገብ ነው፣ የትኛው አይባልም። ጠዋት ልብስ አስጥተሽ ከሰአት ስታነሺው ዱቄት ላይ የተንከባለለ ይመስላል። ልጆቼ ክረምት ከበጋ ያስላሉ። በአመት አንዴ መጥተው ለሰፈሩ አቅመ ደካሞች ዘይትና ዱቄት ይሰጣሉ፣ በቲቪ ይተላለፋል። እኔ ዘይት መግዛት አያቅተኝም፣ ያንን ጭስ ማውጫ ማጣሪያ ግጠሙበት ነው የምለው። ውስጥ የሚሰሩትን ልጆች ደሞ በኮንትራት ስድስት ስድስት ወር እያደሱ ከሚያንገላቱ ቋሚ ያድርጓቸው። በአንድ እጅ ወስዶ በሌላው መስጠት ምኑ ነው ጽድቅ?

አሜሪካኖቹ ጋ ካርኔጊ የሚባል የብረት ፋብሪካ ባለቤት ነበር፣ ከ2,500 በላይ ላይብረሪ አሰርቶ የሰጠ፣ እስከ ዛሬ የሚመሰገን። ግን በ1892 (በነሱ) ሆምስቴድ በሚባለው ፋብሪካው ሰራተኛው ደመወዝ አይቀነስብንም ሲል 300 ገደማ የታጠቁ ቅጥር ጠባቂዎች በጀልባ መጡበት፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፣ ማህበሩ ተሰበረ። ከዛ በ1898 እዛው ከተማ ላይብረሪ ተከፈተላቸው። 12 ሰአት ብረት ሲያቀልጥ የዋለ ሰው ማታ ምን አይን ኖሮት ነው የሚያነበው?

ባጃጅ_ድሬ

@አቧራ_የጠገብኩ ወንድሜ እውነትህን ነው ግን ሴትየዋ የጠየቀችው ስለ ሽንት ቤት ነው 😅 ካርኔጊን ተወውና ፓምፑን አምጣ

አቧራ_የጠገብኩ

ፓምፑም ከዛው ጋር ይያያዛል። ግብሩን በትክክል ቢከፍሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ፓምፕ ይገዛ ነበር። ልመና ባላስፈለገ።

ኮሙኒኬሽን_የነበርኩ

እሱ ላይ ግማሽ ልስማማ። ግብሩ ተከፍሎም ግን ያ ብር ዞሮ የዛ ትምህርት ቤት ፓምፕ ጋ እስኪደርስ ልጅቷ 12ኛን ትጨርሳለች።

የለገሀሬው

ልጆቼ፣ አባቴ የምድር ባቡር ሰራተኛ ነበር፣ እኔም እዛው ጥላ ስር ነው ያደግኩት። ይቺ ከተማ ራሷ የኩባንያ ልጅ ናት፣ በ1895 (በኛ) ሃዲዱ እዚህ ደረሰና ጣቢያ ሆነ፣ ከጣቢያው ከተማ ወጣ። ከዚራ ጥላ ያለው መንገድና እነዛ ግቢያቸው የሚያምር ቤቶች ከሱ ጋር የመጡ ናቸው። እኛ ቤት ስንታመም አባታችን ደብተሩን ይዞ ይወስደን ነበር የኩባንያው ሀኪም ጋ፣ ፎቶ አንሺ የሚባል ነገር የለም፣ አመሰግናለሁ ማለትም የለም፣ ሰራተኛ ስለሆነ የሚገባው ነበር። ልዩነቱ እሱ ይመስለኛል። ግን እሱም ጉድ አለው፣ ለባቡሩ ሰው ብቻ ነበር፣ ጎረቤታችን ባለ ግመሏ ልጇ ሲታመም ያ በር አይከፈትላትም። ኋላ ባቡሩ ሲደክም ደሞ ሁሉም አብሮ ደከመ። ኩባንያ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ኩባንያው ሲታመም ያስላል።

የጀጎል_ልጅ

አባባ እድሜ ይስጥዎት። እኔ ከሐረር ነኝ፣ የናንተን የውሃ ነገር ሳነብ የሐሮማያ ሀይቅ የደረቀ ጊዜ ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ጄሪካን ተሰልፎ ከበር እስከ በር፣ እናቴ ከአህያ ላይ ገዝታ በጣሳ እየለካች ነበር የምትሰጠን። ኋላ ውሃው ከናንተ ከድሬ በኩል ከአሰሊሶ ተስቦ ነው የመጣልን፣ ስለዚህ ውለታችሁ አለብን 😄

ወደ ነገሩ ስገባ፣ እኛ ጋ አፎቻ አለ፣ እንደ እድር በሉት፣ ለቅሶም ሰርግም አብሮ ይሸከማል። አፎቻ ውስጥ ማን ስንት እንደሰጠ ባነር አይወጣም ግን ያልመጣ ይታወቃል። ከሱ ሌላ ደሞ ወቅፍ አለ። ሀብታም ነጋዴ ለመስጂድ ምንጣፍ ሊሰጥ ይችላል፣ ምንጣፉ በአምስት አመት ያልቃል። ያወቀበት ግን ሱቁን ወቅፍ ያደርገዋል፣ ኪራዩ በየወሩ ይመጣል፣ ምንጣፉም መብራቱም ውሃውም ከኪራዩ ይወጣል። ሰውየው ከሞተ በኋላም ሱቁ ይሰራል። አያቴ "ሰደቃ የሚበላውን ሳይሆን የሚወልደውን ስጥ" ይል ነበር።

እና እኔ ብሆን ድርጅቱን እንዲህ ነው የምለው፣ 20 ኮምፒውተር ከምትሰጡን የግቢውን አጥር ዳር ሁለት ሱቅ ስሩልን፣ ኪራዩ ለፓምፑና ለሞዴስ ይሁን። ትምህርት ቢሮ መፍቀድ አለበት አውቃለሁ፣ ግን ጠይቁ። ህንድ ሀገር ታታ የሚባለው መኪና የሚሰራው ትልቁ ግሩፕ ከዋናው ኩባንያ አክሲዮን 66 በመቶ ገደማው የበጎ አድራጎት ትረስቶች ነው፣ ትርፉ ሲከፋፈል የነሱ ድርሻ ለሆስፒታልና ለትምህርት ይሄዳል። ስሙ ሌላ ነው እንጂ ያው ወቅፍ ነው።

ሂሳብ_ሹም_ሐረር

ህንድ ካልክ አይቀር እነሱ በሕግ ነው ያስገደዱት። በ2013 (በፈረንጅ) የወጣው የኩባንያ ሕጋቸው የተወሰነ መጠን ያለፈ ድርጅት፣ ለምሳሌ የአመት ንጹህ ትርፉ 50 ሚሊዮን ሩፒና ከዛ በላይ የሆነ፣ ካለፉት 3 አመታት አማካይ ትርፉ 2 በመቶውን ለማህበራዊ ስራ ያውጣ ይላል። ዘካ 2.5 በመቶ ነው፣ ከዘካም ያንሳል እኮ ሃሃ። (ዘካ በትርፍ ሳይሆን በሀብት ነው የሚታሰበው አውቃለሁ፣ አትዝለፉኝ።)

እዚህም ይግደዱ የሚል ሰው አያለሁ። እኔ እፈራለሁ። እዛም ብሩ የሚበዛው ፋብሪካና ዋና መስሪያ ቤት ባለበት እንደ ማሃራሽትራ ባለ ሀብታም ክልል ነው፣ ድሀው ክልል ጋ እየሳሳ ይሄዳል። እኛ ጋ ቢሆን ሁሉም አዲስ አበባ ይቀራል፣ ድሬና ሐረር ቦርሳው ይደርሰናል።

ነርስ_ነኝ

ዘግይቼ ገባሁ። ሁላችሁም ስለ ብር ስታወሩ እኔ አንድ የተሳካ ነገር ልንገራችሁ፣ ያልተሳካበትንም ጎን።

ትራኮማ ታውቃላችሁ፣ የአይን ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጸጉሩ አይን እየፋቀ የሚያሳውረው። ገጠር ሐረርጌ እናቶች ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ አይቻለሁ፣ አንዷ እያወራችኝ ነው ሳታቋርጥ የምትነቅለው፣ እንደ ልማድ። ለዚህ በሽታ በአመት አንዴ ለመላው ህዝብ የሚታደለው ዚትሮማክስ የሚባል መድሀኒት የፋይዘር ነው፣ ኩባንያው በፈረንጆቹ 1998 ከሌላ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ የትራኮማ ኢኒሼቲቭ የሚባለውን አቋቁሞ ከዛ ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ከሱ በፊት በ1987 መርክ የሚባል ሌላ የመድሀኒት ኩባንያ ለወንዝ ዳር ዕውርነት ሜክቲዛንን "እስከሚያስፈልግ ድረስ በነጻ" ብሎ ቃል ገባ፣ እስከ አሁን እየሰጠ ነው። ይሄ ለምን ሰራ? አንደኛ የሚሰጡት ራሳቸው የሚያመርቱትን፣ የሚያውቁትን ነው። ሌላው ደሞ የአንድ ቀን አይደለም፣ በየአመቱ ይመጣል፣ ጤና ቢሮ እቅዱን በሱ ላይ ይሰራል።

ያልተሳካበት ግን እዚህ ጋ ነው። የትራኮማ ስራ አራት እግር ነው ያለው፣ ቀዶ ጥገና፣ መድሀኒት፣ ፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽህና። መድሀኒቱ በጭነት ይመጣል። ፊት መታጠቢያ ውሃውስ? ኪኒን ሰጥተን የምንመለስበት መንደር ውሃ የአንድ ሰአት ከግማሽ መንገድ ነው፣ በሚቀጥለው አመት ስንሄድ ልጁ አይኑ ላይ ያው ዝንብ። ኪኒን ይለገሳል፣ ውሃ ግን ሰው ይፈልጋል፣ የሚጠግን፣ ቁልፍ የሚይዝ፣ ደመወዝ የሚከፈለው።

በ1998 (በኛ) ሐምሌ መጨረሻ እዚህ ድሬ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሲሞላ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ነጋዴውም ድርጅቱም ብርድ ልብስና ምግብ በጭነት አመጣ፣ አላህ ይስጣቸው፣ ያን ሳምንት ያዳነን እሱ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ግንብ ግን በብርድ ልብስ አይሰራም። እና ድርጅቶቹን አልጠላም፣ የቱ ጋ እንደሚጠቅሙ ብቻ ማወቅ ነው። የናንተ የሴቶች ሽንት ቤት ግንቡም ብርድ ልብሱም አይደለም፣ መሀል ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ መነጋገር ይቻላል።

የኔ ምክር፣ ድርጅቱ ምን እንደሚያመርት ጠይቂ። መካኒክና ኤሌክትሪሻን ካለው ከ20 ኮምፒውተር በ3 ወር አንዴ የሚላክ አንድ ቴክኒሻን ይሻልሻል።

የሳቢያኗ

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ለባለቤቴም አነበብኩለት፣ የለገሀሬው አባባን በተለይ።

ስብሰባው ትላንት ነበር። ፕሮፖዛሉን በእጅ ጽፈን የሰፈር ልጅ ታይፕ አደረገልን፣ አንድ ገጽ። ሮል ኮሉን ከሁለት መምህራን ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርን፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ያሉ ሴቶች በሁለት ወር ውስጥ የቀሩበትን ቀን። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም ዳይሬክተሩ ካየው ያኮርፋል፣ ግን የድርጅቱ ተወካይ ሲያነበው መነጽሩን አውልቆ እንደገና አድርጎ ደግሞ አነበበው።

የሱቁን ነገር አነሳን፣ "ከቦርድ በላይ ነው" አለን፣ ትምህርት ቢሮም ቦታው ማስተር ፕላን ላይ ምናምን አለ። እሱ ቀረ። ኮምፒውተሩ ወደ 8 ወረደ፣ በቀረው ብር አዲስ ፓምፕና ከበር እስከ ሴቶቹ ሽንት ቤት ቧንቧ ይቀየራል። ቦርሳው ግን ታትሟል አለን ስለዚህ ይመጣል 😂 በሩም ይቀባል። ባጃጅ_ድሬ ደስ ይበልህ።

ጥገናው ላይ ነው የተጨቃጨቅነው። "እኛ ካስረከብን በኋላ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው" ይላል ሰውየው፣ ደጋግሞ። አንዷ እናት፣ ቀፊራ አትክልት የምትሸጥ፣ እስከዛ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረች ሴት ተነስታ "ሮቶው ላይ ስማችሁን ትጽፋላችሁ አይደል? በቃ ከስሙ ስር የሚጠግነውን ሰው ስልክ ጻፉበት" አለች። ቤቱ ሳቀ፣ ሰውየውም ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። "ሲበላሽ ስማችሁ እላዩ ላይ ነው ያለው፣ ለናንተም እኮ ነው" አለችው። ዝም አለ። ኋላ ለአለቃዬ አቀርባለሁ አለን፣ ያንን ከልቡ እንደሆነ አላውቅም ግን ማስታወሻው ላይ ሲጽፈው አይቻለሁ።

እኛም የኛን ወሰንን፣ በወር ከየቤቱ 10 ብር፣ መክፈል የማይችል አይጠየቅም፣ ቁልፉ በሁለት እናቶች እጅ። የሌሊቱን ፈረቃ ጥበቃው እንዲቀዳ ተስማማን፣ ለሱም ከዛው ትንሽ ነገር።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ የቴክኒክ ነው፣ አዲሱ ቧንቧ እንደ ድሮው በኖራ እንዳይደፈን ምን ይደረጋል?

ባጃጅ_ድሬ

ያቺን የቀፊራ ሴትዮ ከንቲባ አድርጓት።

ነርስ_ነኝ

ማሻአላህ። ሲመረቅ ጥሪኝ፣ ባነሩ ስር ቆሜ ፎቶ እነሳለሁ።

ቧንቧ_ሰሪው

ኖራውን ማስቀረት አይቻልም እህት፣ የድሬ ውሃ ነው። ግን የፕላስቲክ ቧንቧ አስደርጉ፣ ከብረቱ ይሻላል፣ ቀጭኑን እንዳይገጥሙላችሁ ወፍራም በሏቸው። መታጠፊያው ላይ የሚፈታ መገጣጠሚያ ይኑረው፣ ግድግዳ ውስጥ እንዳይቀብሩት፣ ሲደፈን ፈትቶ ማጽዳት እንዲቻል። ፓምፑን በስድስት ወር አንዴ ፍቱት። ሮቶውን ደሞ ከስሩ የሚያፈስ ቧንቧ አስወጡለት፣ ነጩ ዝቃጭ እዛ ጋ ነው የሚተኛው፣ በወር አንዴ ክፈቱና ይውጣ። ሳቢያን የት ጋ ነው ትምህርት ቤቱ? ሲገጥሙት ቅዳሜ ከሆነ መጥቼ አያለሁ፣ ክፍያ የለውም፣ ሎጎም የለኝም።